ዩዋን ሺካይ ወይስ ጀልባዋ? ሁለት የቻይና የብር ሳንቲሞች

ሁለቱም ክብደታቸው 27 ግራም ገደማ ነው፤ ሁለቱም አንድ ዩዋን ናቸው። የቻይና ሪፐብሊክን ብር መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ግን ከየትኛው ይነሳ?

የፕሬዚዳንት ዩዋን ሺካይ ምስል ያለበት ሳንቲም መመታት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። ሰውዬው በ1916 ቢሞቱም መመታቱ አልቆመም። እንዲያውም ቀኑ ሳይቀየር ለዓመታት ቀጠለ፤ 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ እዚህ አገር ሲዘዋወር የኖረውን የማርያ ቴሬዛን ብር ያስታውሰኛል። ስለዚህ «ሦስተኛ ዓመት» (የሪፐብሊኩ ሦስተኛ ዓመት፣ ማለትም 1914) የሚለው ጽሑፍ በዚያው ዓመት ለመመታቱ ማስረጃ አይሆንም። ብዛቱ ዋጋውን አለዝቦታል፤ የማተሚያ ቅርጽ ልዩነቶቹም ዕድሜ ልክ ያስለፋሉ።

የሪፐብሊኩ መሥራች የሱን ያት-ሰን ምስል ያለበት ባለጀልባ ሳንቲም ታሪኩ አጭር፣ ግን ቅመም ያለው ነው። የ1932ቱ ከጀልባዋ በላይ የሚበሩ ሦስት ወፎችና የምትወጣ ፀሐይ ነበሩበት። ጃፓን ማንቹሪያን በያዘች ማግስት ፀሐይዋ የጃፓንን ዓርማ፣ ወፎቹ የጦር አውሮፕላኖቿን አስመሰሉ፤ ሳንቲሙ ተሰበሰበ። የ1933ና የ1934ቱ ወፍም ፀሐይም የላቸውም፤ በብዛት የሚገኙትም እነርሱ ናቸው። በ1935 ቻይና የብር ገንዘብን ተወች።

እኔ ለጀማሪ የ1934ቱን እመርጣለሁ፤ ባለወፉን ግን ከማያውቁት ሻጭ በፍጹም አይግዙ። የሁለቱም ሐሰተኛ ቅጂ ገበያውን አጥለቅልቆታል። ማግኔት ብቻውን አያድንም፤ ነሐስም አይሳብም። ሚዛን ይያዙ፣ የጠርዙን ጥርሶችም በማጉያ መነጽር ይመልከቱ።