የአሮጌው ፔሌት ምድጃችን አዲስ የጭስ ማስወጫ ሞተር፦ ከሙሉ የብርድ ወቅት በኋላ

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር፦ ሞተሩ ገንዘቡን የሚያወጣ ነው። የቀየርኩት በረዶው ሳይጀምር ነበር፤ አሁን ዛፉ እያቆጠቆጠ ነው። ምድጃው የብርዱን ወራት በሙሉ ሌት ተቀን ሲሠራ ከርሞ ጭስ ወደ ቤት አልመለሰም፣ በራሱ ጊዜም አልጠፋም። ይሁን እንጂ ለውጡ ሁሉ የሞተሩ ነው ብዬ አላምንም። አብሮት የተጸዳው የጭስ መንገድና አብሮት የተቀየረው ጋስኬት (ሞተሩ ከምድጃው ጋር የሚገናኝበትን የሚያሽገው) ባይኖሩ ኖሮ ይህን ያህል አልረካም ነበር።

የምንኖረው አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል፣ ስፖኬን ከተማ ነው። እዚህ የፔሌት ምድጃ ብርቅ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ፔሌት ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለገበያ የበቃው በዚሁ ግዛት ነው፤ የእንጨት መሰንጠቂያዎች ቅርብ ስለሆኑም ማገዶው አይጠፋም። ላላየው ሰው፣ ፔሌት ማለት በኃይል ተጨምቆ የደደረ ሰጋቱራ ነው፤ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 40 ፓውንድ ወይም 18 ኪሎ በሚመዝን ከረጢት ይሸጣል። የእኛ ምድጃ ቤቱን ስንገዛ አብሮ የመጣ ነው፤ ዕድሜው ከሃያ ዓመት በላይ ነው፣ ላሜራው ግን ዛሬም ጠንካራ ነው።

እንዲህ ያለው ምድጃ ሁለት ፋኖች አሉት። አንዱ የክፍሉን አየር በጋሉት ቱቦዎች መካከል አሳልፎ ሙቀቱን ወደ ቤት ይነፋል። ሁለተኛው፣ እኔ የቀየርኩት ሞተር የሚያዞረው፣ ጭሱን ከእሳቱ ክፍል ስቦ በጭስ ማውጫው ቱቦ ወደ ውጭ ይገፋል። ይህ ሁለተኛው ሲስብ ንጹሕ አየር በማቃጠያው ቀዳዳዎች ስለሚገባ የእሳቱ ወናፍ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሲደክም ድምፁ ብቻ አይደለም የሚበላሸው፤ እሳቱ ራሱ ይታመማል።

የእኛው መድከሙን የነገረን ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያ ጠዋት ሲነሳ ያፏጭ ነበር፣ ሲሞቅ ዝም ይላል። ከዚያ ነበልባሉ ረዝሞና ሰንፎ ይወዛወዝ ጀመር፣ ጫፉም ጠቆረ። መስታወቱን ማታ ወልውለነው ስናድር ጠዋት ጥቀርሻ ለብሶ ይጠብቀናል። በመጨረሻ ምድጃው መሀል ላይ መጥፋት ጀመረ። ይህ የሚሆነው ስበቱ ሲያንስ የግፊት ስዊቹ ፔሌት የሚመግበውን ሞተር ስለሚያቆም ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ስዊች በሽቦ አገናኝቶ ያልፈዋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ እሳቱን የሚያስቆመው እሱ ነው።

ጋራዥ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ከሲያትል ሊጠይቀን መጥቶ የጎኑን ክዳን ከፈተልኝ። ምድጃው ቀዝቅዞ፣ ከሶኬቱም ተነቅሎ ነበር። የሞተሩን ዘንግ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀው፤ ዘንጉ በግልጽ ይጫወታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ኩሽኔታ አብቅቶለታል» አለኝ፤ ዘንጉ የሚዞርበትን ማቀፊያ ማለቱ ነው።

«ዘይት ብናጠጣውስ?»

«ድፍን እኮ ነው፣ ዘይት መቀበያ የለውም። ከላይ ብታፈስበት አቧራ ሰብስቦ ከሙቀቱ ጋር ይጋገራል። ለሳምንት ዝም ይልህና በብርዱ መሀል ጉድ ያደርግሃል።»

ምትክ ስትፈልጉ በመልክ አትመኑ። ሳይ ሁሉም ይመሳሰሉብኝ ነበር። ከአሮጌው ሞተር ታርጋ ላይ ቮልቱን፣ አምፔሩንና በደቂቃ የሚዞረውን ብዛት መዝግቡ፤ የእኛ በ115 ቮልት የሚሠራና 3,000 ገደማ የሚዞር ነው። የክንፉን ስፋትና ጥልቀት ለኩ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ፣ ከሁሉ በላይ ወደ የት እንደሚዞር እዩ። በእነዚህ ምድጃዎች ላይ በብዛት የሚገኘው የሞተር ዓይነት የመዞሪያ አቅጣጫው በውስጥ አሠራሩ የተወሰነ ነው፤ ሁለቱን ሽቦዎች ብታቀያይሩ አቅጣጫውን አይለውጥም። «ጠንከር ያለ ይሻላል» የሚለው ሐሳብም አይሠራም። ከልኩ በላይ የሚስብ ሞተር ሙቀቱን በጭስ ማውጫው ይዞት ይወጣል፣ ያልነደደ ፔሌትም ከማቃጠያው ያስፈነጥራል። እኔ የመረጥኩት ከምድጃው አምራች ሳይሆን ከሌላ መለዋወጫ አቅራቢ የመጣ፣ ባለ ኳስ ኩሽኔታ ሞተር ነው። ዋጋው፣ ሞተሩ ብቻ ሲሆን፣ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ውስጥ ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ሽቦዎቹን ሳልነቅል በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። ብሎኖቹ በዓመታት ግለት ከላሜራው ጋር ተጣብቀው ስለነበር የዝገት ማላቀቂያ ቀብቼ አሳደርኳቸው፤ በማግሥቱ ሳይሰበሩ ወጡ። አሮጌው ሞተር ሲወጣ ያየሁት ነገር ነው ብዙ ያስተማረኝ። የፋኑ ቤት ግማሽ ድረስ በላመ ግራጫ አመድ ተሞልቷል፣ በክንፎቹ ላይ ደግሞ ጥቀርሻ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። ከእሳቱ ክፍል ጀርባ ያሉትን የጭስ መተላለፊያዎች በረጅም ብሩሽ ስጠርጋቸው የወረደውን አመድ ሳይ፣ አዲሱን ሞተር እዚያ ላይ ገጥሜ ብተወው ኖሮ እሱም በዚያ መንገድ ለመተንፈስ ይታገል እንደነበር ገባኝ። ከቤት ውጭ ያለውን የቱቦውን የታች ክዳን ከፍቼ እሱንም ጠረግሁ። ወደ ግፊት ስዊቹ የምትሄደው ቀጭን የጎማ ቱቦ ጫፏ ተሰንጥቆ ስላገኘኋት እሷም ተለወጠች።

ጋስኬቱን በተመለከተ አትቆጥቡ። አሮጌው ተፍቆ ተፍቆ ብረቱ ንጹሕ እስኪሆን መልቀቅ አለበት፣ ምንጊዜም በአዲስ ይተካል። ብሎኖቹን በማቋረጥ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ፣ ጥቂት በጥቂት አጠበቅኋቸው። ከዚያ ሶኬቱን ሳልሰካ ክንፉን በጣቴ አዞርኩት፤ ምንም ሳይነካ ከዞረ ተገጥሟል ማለት ነው።

የሚያፈስ መሆኑን የፈተንኩት በዕጣን ነው። ከፋኑ በፊት ያለው ክፍል አየር ይስባል፣ ከፋኑ በኋላ ያለው ደግሞ ይገፋል። ስለዚህ ፋኑ እየዞረ የሚጨሰውን ዕጣን በበሩ ዙሪያ ሳስጠጋ ጭሱ ወደ ውስጥ የሚጎተት ከሆነ የበሩ ማሸጊያ ላልቷል፤ ከፋኑ በኋላ ባሉት መገጣጠሚያዎች በኩል የዕጣኑ ጭስ ከተገፋ ደግሞ የሚወጣ ነገር አለ። በእኛ በኩል ሁለቱም ቦታ ቀጥ ብሎ ወጣ። ይህ ግን የካርቦን ሞኖክሳይድ (ከእሳት የሚወጣው ገዳይ ጋዝ) ማስጠንቀቂያ መሣሪያን አይተካም። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ማስጠንቀቂያው መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ሊኖር ይገባል። መስኮት ዘግተን በከሰል ቡና የምናፈላ ሰዎች ከሆንን ደግሞ ምድጃው ባይኖርም ያስፈልገናል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የቀለም መቃጠል የመሰለ ሽታ ነበረ፣ መስኮት ከፈትን፣ ጠፋ። ነበልባሉ አጠረ፣ ደመቀ፣ ቢጫው ነጣ። መስታወቱ አሁን በየቀኑ መወልወል አያስፈልገውም፣ የሚይዘውም ጥቁር ጥቀርሻ ሳይሆን በደረቅ ጨርቅ የሚለቅ ቀላ ያለ አመድ ነው። ብርዱ ሲበረታ በየካቲት ግን ምድጃው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ልቤም ደነገጠ። አዲሱ ኩሽኔታ አለቀ ወይ ብዬ ዘንጉን ነቀነቅሁት፤ ጠንካራ ነው። ክንፎቹን ሳይ በአንዱ ወገን ብቻ አመድ ተጣብቆ ሚዛኑን አዛብቶታል። በብሩሽ ሲጠረግ ንቅናቄው ቆመ። ሞተራችሁ ሲንቀጠቀጥ አዲስ ከማዘዛችሁ በፊት ይህን እዩ።

የማልወድለት አንድ ነገር አለ፦ ድምፁ ከፋብሪካው ሞተር በደህና ጊዜው ከነበረው ትንሽ ከፍ ይላል። ሳሎን ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ለሚሰማ ሰው አይረብሽም፣ ከምድጃው አጠገብ ለሚተኛ ግን ይሰማል።

የፋኑ ቤት ዝገት ካልበላውና የብሎን ቀዳዳዎቹ ጥርሳቸው ካልተበላ፣ ሞተሩን ብቻ መግዛት ይበቃል። ቤቱ ከተጣመመ ወይም ብሎኑ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ግን ጨመር አድርጎ ከነቤቱ የሚሸጠውን መውሰድ ይሻላል፤ በተጣመመ ቤት ላይ ምንም ጋስኬት አያሽግም።