ባለ 7 ባንድ ወይስ ባለ 10? ለኤሌክትሪክ ጊታር የሚሆን ኢኩዋላይዘር ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ ሊድ ጊታር የሚጫወት ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ዓይነት ቦታ ሊጫወት ይችላል፤ ማታ ማታ በኮንዶሚኒየም ክፍሉ ይለማመዳል፣ ቅዳሜ በሠርግ ድንኳን ይሠራል፣ እሑድ ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው የአምልኮ አዳራሽ መዘምራንን ያጅባል። በክፍሉ ውስጥ ሞቅና ወፈር ብሎ ይሰማ የነበረው ጊታር በድንኳኑ ውስጥ በኪቦርድ ተውጦ ሲጠፋ፣ በአዳራሹ ውስጥ ደግሞ ጆሮ ሲወጋ፣ የአብዛኞቻችን የመጀመሪያ ሐሳብ ጊታሩን ሸጦ ሌላ መግዛት ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ አዲሱ ጊታርም በዚያው ድንኳን ውስጥ እንደ ቀድሞው ተዋጠ። ስለዚህ ገንዘብ ያጠራቀመ ጊታሪስት ሌላ ጊታር ከመግዛቱ በፊት ኢኩዋላይዘር፣ ማለትም ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን ባንድ በሚባሉ ክፍሎች ከፋፍሎ እያንዳንዱን ለየብቻ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ፣ እንዲመለከት አጥብቄ እመክራለሁ።

ምርጫው የሚጀምረው ጊታር ከሚያወጣው ድምፅ ነው። በተለመደው ቅኝት ወፍራሙ ክር 82 ሄርዝ (በሰከንድ 82 ንዝረት) አካባቢ፣ ቀጭኑ ክር ሳይያዝ ሲመታ 330 ሄርዝ አካባቢ ይሰጣል፤ በቀጭኑ ክር 22ኛ ፍሬት ላይ እንኳ የኖታው መሠረታዊ ድግግሞሽ 1,200 ሄርዝ አይሞላም። ከዚያ በላይ የምንሰማው ጥራትና ስለት ከኖታው ጋር አብረው ከሚወጡ ረቂቅ ድምፆች የሚመጣ ሲሆን፣ የጊታር አምፕሊፋየር ስፒከር ደግሞ ከ5,000 ሄርዝ በላይ ያለውን በጣም ቀንሶ ያወጣዋል።

በብዛት የሚነጻጸሩት ሁለቱ ፔዳሎች (በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል የሚሰኩ፣ በእግር የሚረገጡ መሣሪያዎች) ቦስ ጂኢ-7 እና ኤምኤክስአር ኤም108ኤስ ናቸው። የመጀመሪያው ከ100 ሄርዝ ተነሥቶ 200፣ 400፣ 800 እያለ እስከ 6,400 ሄርዝ የሚደርሱ ሰባት ማንሸራተቻዎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱን እስከ 15 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ በተጨማሪም አጠቃላይ መጠኑን የሚወስን ስምንተኛ ማንሸራተቻ አለው። ሁለተኛው ከ31.25 ሄርዝ እስከ 16,000 ሄርዝ የሚዘረጉ አሥር ማንሸራተቻዎች አሉት፤ እነዚህም እስከ 12 ዴሲቤል ይሄዳሉ፤ የመግቢያውንና የመውጫውን መጠን ለየብቻ የሚቆጣጠሩ ሁለት ተጨማሪ ማንሸራተቻዎችም አሉት። ብዙ ገዢዎች አሥሩ ከሰባቱ ይልቅ ድምፁን በጥቃቅን ይከፋፍላል ብለው ያስባሉ፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። በሁለቱም ላይ አንዱ ማንሸራተቻ ከቀጣዩ የሚርቀው በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም በድግግሞሽ እጥፍ፣ ነው። ባለ አሥሩ የሚበልጠው ከታችና ከላይ ርቆ በመሄዱ ብቻ ሲሆን፣ በአምፕሊፋየር ለሚጫወት ጊታሪስት ሁለቱ የዳር ማንሸራተቻዎች ያን ያህል የሚሠሩት ሥራ የላቸውም። ጊታሩን በቀጥታ ወደ ሚክሰር ለሚሰካ ወይም ፔዳሉን ከቤዝ ጊታሪስት ጋር ለሚጋራ ሰው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ አካባቢ ስለሚወርድ ከ100 ሄርዝ የሚጀምር ፔዳል አይበቃውም።

በእኛ አካባቢ ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያሳስበው መብራት ነው። ጂኢ-7 በ9 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ መብራት በጠፋ ጊዜም ሆነ የጄኔሬተር ኤሌክትሪክ በሚዋዥቅበት ድንኳን ውስጥ አያስቸግርም። ኤም108ኤስ ግን የራሱን ባለ 18 ቮልት አዳፕተር ይፈልጋል። የሁለቱ ፔዳሎች የአዳፕተር ሶኬት ተመሳሳይ መሆኑ ትልቅ አደጋ አለው፤ አብሮን የሚጫወት ልጅ መብራት ጠፍቶ በተመለሰበት ግርግር ባለ 18ቱን አዳፕተር በ9 ቮልት የዲስቶርሽን (ድምፅ ማሻከሪያ) ፔዳሉ ላይ ሰክቶ ፔዳሉ በዚያው ተቃጥሎ ቀርቷል። ባለ 10ሩን የሚገዛ ሰው አዳፕተሩ ላይ በቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት ያድርግበት።

ገንዘብ ለሚያጥረው ደግሞ የቤሪንገር ኢኪው700 አለ፤ እንደ ጂኢ-7 ሰባት ባንድ ያለው ሲሆን አካሉ ፕላስቲክ ነው። ለቤት ልምምድ ይበቃል፤ በየሳምንቱ በእግር ለሚረገጥ ሥራ ግን አልመርጠውም።

የቱም ቢገዛ አጠቃቀሙ ከሞዴሉ ይበልጣል። በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት የዘፋኙን ሐረግ እየተቀበለ የሚመልስ ጊታር ከኪቦርዱና ከድምፃዊው መሀል ወጥቶ እንዲሰማ የሚያደርገው ከ800 እስከ 1,600 ሄርዝ ያለው ክፍል ነው። ብዙ ጀማሪዎች ግን ብቻቸውን ሲለማመዱ ስለሚያምር ይህንኑ መሀሉን ቆርጠው ባዙንና ትሬብሉን ከፍ ያደርጋሉ፤ ድንኳን ውስጥ የሚዋጡትም በዚህ ምክንያት ነው። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የሰላም ስዩምን ጊታር በጥሞና ያዳመጠ ሰው መሀሉ ያልተቆረጠ ጊታር በነፋስ መሣሪያዎችና በኪቦርድ መካከል እንዴት ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ያውቃል። ሌላው ጠቃሚ ልማድ ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ነው፤ 12 ዴሲቤል መጨመር ማለት የጊታሩን ሲግናል ቮልቴጅ በአራት እጥፍ ማሳደግ ስለሆነ ሹሹታውም አብሮ ያድጋል። ድምፁ ጭቃ ሲሆን 200 ሄርዝን፣ ቆርቆሮው ሲጮህ 3,200 ሄርዝን ትንሽ ዝቅ ማድረግ በቂ ሊሆን ይችላል።

በአዳራሹ ውስጥ አንዲት የተወሰነች ድምፅ ብቻ እየተነሣች የምታፏጭ ከሆነ ግን እስካሁን ካየናቸው ባለ ማንሸራተቻ (ግራፊክ) ኢኩዋላይዘሮች ይልቅ ፓራሜትሪክ ኢኩዋላይዘር ይመረጣል፤ ምክንያቱም የሚቆረጠውን ድግግሞሽም ሆነ የቁርጡን ስፋት ራሱ ተጫዋቹ ስለሚወስን፣ በዙሪያው ያለው ድምፅ ሳይነካ ፉጨቱ ብቻ ይቀነሳል። ቅንብሩ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ በዘፈን መሀል ለሚያስተካክል ሰው አይሆንም።

ፔዳሉ የሚቀመጥበት ቦታም ውጤቱን ይለውጣል። ከዲስቶርሽን በፊት ከተቀመጠ የሚለወጠው ዲስቶርሽኑ የሚያሻክረው የድምፅ ክፍል ነው፤ በኋላ ከተቀመጠ ግን ተሻክሮ የወጣው ድምፅ ራሱ ይቀረጻል፤ ለሶሎ መጠን ማሳደጊያም ያገለግላል። ለሠርግ ሥራ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ከኮንዶሚኒየም ክፍሉ ብዙም ወጥቶ የማይጫወት ሰው ለብቻው ኢኩዋላይዘር መግዛት ላያስፈልገው ይችላል። ዙም ጂ1 ፎርን የመሰለ መልቲኢፌክት (ብዙ የድምፅ መለወጫዎችን በአንድ የያዘ መሣሪያ) ኢኩዋላይዘርን በውስጡ ይዟል፣ በጆሮ ማዳመጫ ያሠራል፣ በአራት ትናንሽ ባትሪ ድንጋዮችም ስለሚነሣ ጎረቤትንም የመብራት መጥፋትንም ያስታርቃል። በአንጻሩ እንደ ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ጂኤክስ አንድ የቶን መቆጣጠሪያ ብቻ ያለው አምፕ የያዘ ሰው ከባለ 7 ባንድ ፔዳል ትልቅ ለውጥ ያገኛል።

ጊታሩንም ገና ያልገዛ ሰው ስለ ፒክአፑ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል ስለሚለውጠው ክፍል፣ ያስብ። ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ) ጥርት ያለ ድምፅ ቢሰጥም የ50 ሄርዙ ኤሌክትሪካችን የሚፈጥረውን እምምታ (የማያቋርጥ «እምምም» የሚል ድምፅ) ይሰበስባል፤ ኤርዝ በሌላቸው ቤቶች ደግሞ ይህ ይብሳል። ሀምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) እምምታውን አጥፍቶ ወፈር ያለ ድምፅ ያወጣል፤ የጎደለውን ስለት በኢኩዋላይዘር በከፊል መመለስ ሲቻል፣ እምምታን በኢኩዋላይዘር ማጥፋት ግን የጊታሩን ባዝ አብሮ ያስከፍላል።

ያገለገለ ፔዳል የሚገዛ ሰው የራሱን ጊታርና ገመድ ይዞ ይሂድ። ማንሸራተቻዎቹን አንድ በአንድ ከታች እስከ ላይ ሲገፋ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከሰማ አቧራ ስለገባበት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ስለሚጸዳ ዋጋ ለመቀነሻ ይበቃል። ሁሉንም መሀል ላይ አቁሞ ፔዳሉን ሲያበራና ሲያጠፋ ግን የጊታሩ ድምፅ እምብዛም መለወጥ የለበትም፤ ድምፁ ከደከመ ወይም ሹሹታው በግልጽ ከጨመረ ፔዳሉን መልሶ ሌላ ይጠይቅ።