የመኪናዬን የኋላ ስፒከር መደርደሪያ ለሠሩልኝ ጋሼ

ይህን የምጽፈው አንድ አናጺን ለማመስገን ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የመኪናዬን የኋላ ስፒከር መደርደሪያ፣ ማለትም ከኋላ ወንበር ጀርባ ከመስታወቱ ሥር ያለውን ስፒከር የሚታሰርበትን ገበታ፣ ከባዶ ጀምረው ሠርተውልኛል። ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ እስካሁን የላላም የሚንጫጫም ነገር የለውም።

በፊት የነበረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። 6 በ9 ኢንች የሆኑ ሞላላ ስፒከሮች ገዝቼ አንድ ቦታ አስገጠምኩ። የገጠመልኝ ልጅ መኪናው ይዞት የመጣውን ስስ መደርደሪያ፣ ያንን ካርቶን የሚመስለውን፣ ቀዶ በቪቴ አሰራቸው። ድምፁ ትንሽ ከፍ ሲል መደርደሪያው አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ የከበሮው ምት የንብ ጩኸት ሆኖ ይመጣል። ከኋላ የምትቀመጠው እናቴ ናት። "ኧረ ይሄን ነገር ዝጋልኝ፣ ጆሮዬ ሥር ነው የሚጮኸው" ስትለኝ ከረመች።

ጋሼ ጋ ስሄድ ስለ ዋት ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። መጀመሪያ የጠየቁኝ "ከኋላ ማን ነው የሚቀመጠው?" ብለው ነው። እናቴ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ካርቶን ፍለጋ ሄዱ።

ግማሽ ቀን ሙሉ የሠሩት በካርቶን ነው። ከኋላው መስታወት ሥር አስገብተው ያወጣሉ፣ በመቀስ ጫፉን ይልጣሉ፣ መልሰው ያስገባሉ። "በሜትር ቢለኩት አይቀልም ጋሼ?" ስላቸው "ልጄ፣ መኪና ቀጥ ያለ ማዕዘን የለውም" አሉኝ። ካርቶኑ ልክ ሲሆን የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩ፤ እይታዬን እንዳይከልል፣ መሐል ላይ ያለውን የፍሬን መብራትም እንዳይሸፍን። ይህን ማንም አልጠየቃቸውም።

ችግር የመጣው ከሥር ነው። የስፒከሩ ማግኔት የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ከሚይዘው የብረት ዘንግ ጋር ሊነካካ ሆነ። የቀድሞው ልጅ ከመደርደሪያው ሥር ያለውን የመኪናውን ቆርቆሮ እንቁረጠው ብሎኝ ነበር። ጋሼ ግን እሺ አላሉም። "ይሄ ብረት የመኪናህን ወገብ የያዘ ነው። ቀበቶውም እዚሁ ነው የታሰረው። መቆረጥ ያለበት እንጨቱ ነው።" ከ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ዋናውን ገበታ ቆረጡ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ከዚያው ጣውላ በስፒከሩ ቅርጽ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቀለበት ሠርተው በኮላ አጣበቁ። ስፒከሩ ከብረቱ 36 ሚሊ ሜትር ከፍ አለና ማግኔቱ ዘንጉን ሳይነካ ቀረ።

ከሁሉም ልቤን የነካው የማይታየው ሥራቸው ነው። ኤምዲኤፍ እርጥበት ከጠጣ ያብጣል፤ ስለዚህ የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በውኃ በቀጠነ ኮላ ሁለት ጊዜ ቀቡት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት። በስፒከሩና በእንጨቱ መሐል ዙሪያውን ስስ ስፖንጅ ለጠፉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው እጄን ይዘው ክፍተቱ ላይ አስቀመጡት። ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ይስባል፤ የፊቱና የኋላው አየር በቀዳዳ ከተገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ መጀመሪያ የሚሞተውም ወፍራሙ ድምፅ ነው። ስንት ጊዜ ባሱን ከፍ እያደረግኩ የደከምኩት ለካ ለዚህ ነው!

ቪቴ አልተጠቀሙም። በብሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ ከብረቱ ጋር አሰሩት። "መኪናው ድንገት ሲቆም ይሄ ገበታ ከተፈታ የሚሄደው የእናትህ ማጅራት ላይ ነው" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ አልተከራከርኩም።

ላዩን በጥቁር ሞኬት አለበሱት። እኔ ከወንበሩ ጋር እንዲሄድ ግራጫ ፈልጌ ነበር፤ ነጣ ያለ ከሆነ ፀሐይ ሲመታው መስታወቱ ላይ ያንጸባርቅብሃል ብለው መለሱኝ። ልክ ነበሩ።

ሽቦውን ከማገናኘታቸው በፊት ተራ የ1.5 ቮልት ድንጋይ አውጥተው የእያንዳንዱን ስፒከር ጫፍ ነካ አደረጉት። ሸራው ወደ ውጭ ብቅ ሲል ፖዘቲቩ የተነካበትን ጫፍ በቀይ ምልክት አደረጉበት። አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ከሳበ ባሱ ይጠፋል። የቀድሞው ልጅ አንዱን ገልብጦ ነበር ያሰረው።

በመጨረሻ ፌደሩን፣ ድምፁን ለፊትና ለኋላ ስፒከሮች የሚያካፍለውን ማስተካከያ፣ ወደ ፊት ሳብ አደረጉት፤ ከ60 ኸርዝ በታች ያለው በጣም ወፍራም ድምፅ ወደ ኋላዎቹ ስፒከሮች እንዳይሄድም ቆረጡት። ዘፈኑ ከፊት ይመጣል፣ ከኋላ ያሉት ይሞሉታል። በማግስቱ እናቴን ይዤ ወጣሁ። ትንሽ ከሄድን በኋላ "ከፍ አድርገው እስቲ" አለችኝ።

እውነት ለመናገር ከቀጠሯቸው አንድ ቀን አሳልፈዋል፤ ኮላው በደንብ ሳይደርቅ አልሰጥም ብለው ነው። ለሚቸኩል ሰው አይሆኑም። ለሌላው ሁሉ ዓይኔን ሳላሽ እጠቁማቸዋለሁ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለሚጠይቅ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ስትሄዱ ስፒከራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እጃቸው ላይ ሳያዩት እንጨት አይቆርጡም።