ሌዘር ወይስ ዲስክ? የልጆች የኮከብ መብራት ሲመረጥ

ባለ ሌዘሩ ርካሽ ነው። ጣሪያውን በአረንጓዴ ነጠብጣብና በባለቀለም ደመና ይሞላዋል፤ ያምራል። ነጥቦቹ ግን እንዲሁ የተበተኑ ናቸው፤ ኦሪዮን የተባለውን የኮከቦች ስብስብ ብትፈልጉ አታገኙም። ደግሞ ልጅ ጎንበስ ብሎ ብርሃኑ የሚወጣበትን ቀዳዳ ማየት ይወዳል። ሌዘር ዓይን ሊጎዳ ይችላል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ባለ ዲስኩ፣ ማለትም የኮከቦች ምስል ባለበት ዲስክ ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፈው፣ ዋጋው ጠንከር ይላል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2005 ጃፓን ውስጥ የወጣው ሆምስታር በኤልኢዲና በሌንስ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮከቦችን በትክክለኛ ቦታቸው ያሳያል። የማጥሪያውን ቀለበት ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ፣ ብዥ ያለው ነጭ ነገር ድንገት ጥርት ብሎ የአሸዋ ቅንጣት ያክላል። ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ካልሆነ ግን ብዙም አይታይም።

«ያ ኮከብ ማነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ እኔ ያለምንም ማመንታት ባለ ዲስኩን እገዛለሁ። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ የትኛውንም ቢሆን እጁ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት።