የቤፑ የአበባ ቅርጫት ከ14 ወር አገልግሎት በኋላ

ዕቃው ሃናካጎ ነው፤ ጃፓኖች አበባ የሚያስቀምጡበት የቀርከሃ ቅርጫት። የተሠራው በኪዩሹ ደሴት፣ ኦይታ ግዛት፣ ቤፑ ከተማ ሲሆን ሠሪው ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ነው። ቁመቱ ከነእጀታው 38 ሴንቲ ሜትር፣ ሆዱ በሰፊው በኩል 21 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ያለ ውሃ መያዣው 310 ግራም ነው። ቀርከሃው ማዳኬ የሚሉት ዝርያ ነው። ገላው ሙትሱሜ በሚባለው፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍተት ባለው ጉንጉን ተሠርቷል። አፉና የእጀታው ሥር በራታን፣ እንደ ሐረግ ከሚተጣጠፍ ተክል በሚወጣ ማሰሪያ፣ ተጠምጥሟል፤ ላዩ ደግሞ ከዛፍ በሚወጣው ላከር፣ በኡሩሺ፣ ወደ ጥቁር በሚያደላ ቡኒ ተቀብቷል። በ14 ወር ውስጥ ለዓይን ብቻ አልተቀመጠም፤ በወር ሁለቴ ሦስቴ አበባ ተደርጎበታል።

ጉንጉኑ እንደ መጀመሪያው ቀን ነው፤ አንድም ስንጥር አልተነሳም። ችግር የመጣው ጉንጉኑ ላይ ከተጨመሩት ነገሮች ነው፦ ከእጀታው ማሰሪያ፣ ከውሃ መያዣውና ከሳጥኑ። ገዢ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቶ የሚከፍለው ለጉንጉኑ ነው።

በመሶብ ያደገ ዓይን እዚህ ላይ ሊታለል ይችላል። የእኛ ስፌት በወስፌ እየተወጋ፣ ዙር በዙር ላይ እየተሰፋ ይወጣል፤ አንዱ ዙር ቢላላ ጎረቤቱ ይይዘዋል። የቤፑው ስፌት የለውም። በሦስት አቅጣጫ የሚሄዱ ስንጥሮች አንዱ በሌላው ላይና ሥር እያለፉ በውጥረት ብቻ ይያያዛሉ፣ ያ ውጥረት የሚቋጠረውም አፉ ላይ ነው። ስለዚህ ቅርጫት ሲገዛ መጀመሪያ ከንፈሩ ይታይ። የራታኑ ዙሮች እኩል ተራርቀዋል? የራታኑ ጫፍ የት ተሸጉጧል? በአውራ ጣት ቀስ ብሎ ሲገፋ ይንሸራተታል? ከተንሸራተተ የቱንም ያህል ቢያምር ይቅር።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደረቅ አየር ነው። ማሞቂያ በሚሠራባቸው ወራት የክፍሉ እርጥበት 24 በመቶ ድረስ ወርዶ ነበር። ቀርከሃ ሲደርቅ ይቀጥናል፤ እጀታው ሲቀጥን የራታኑ ማሰሪያ ይሰፋበታል። በአራተኛው ወር የግራው እጀታ ሥር ላይ ካሉት ሰባት ዙሮች የላይኛው አንድ ዙር ለቀቀ። እርጥበቱ ወደ 50 በመቶ ሲመለስ ጠበቅ ብሏል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልገባም። ሙጫ ማስነካት ትልቅ ስህተት ነው፤ የደረቀው ሙጫ ቦታውን ግትር ያደርገዋል፣ ቀርከሃው በሚቀጥለው ሲለጠጥና ሲኮማተር ከሙጫው ጎን ይሰበራል፤ በኋላ የሚጠግነው ባለሙያም መጀመሪያ ሙጫውን መፋቅ ይኖርበታል። እዚህ የተደረገው የለቀቀውን ዙር በቀጭን ጥጥ ክር ለጊዜው ማሰርና እርጥበቱን ከ45 እስከ 55 በመቶ ማቆየት ነው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ከቅርጫቱ አጠገብ መኖር አለበት፤ የግድግዳው ጥግና የማሞቂያው ጎን አንድ አይደሉም። እጀታው ደግሞ ለማንሻ አይደለም፤ ሁለት እጅ ከታች ገብቶ ነው የሚነሳው።

የውሃ መያዣው ኦቶሺ ይባላል፤ ውስጡ በላከር የተለበጠ የቀርከሃ ቱቦ ነው። ዋነኛው ድካም እዚህ ነው ያለው። ውሃ አራት ቀን ቆሞበት፣ ከዚያ ለሳምንታት ባዶውን ደርቆ፣ በአምስተኛው ወር ከአንጓው በላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጣበት። በዓይን አይለይም። የሚታወቀው ቱቦውን ሞልቶ በደረቅ ናፕኪን ላይ ሌሊቱን በማሳደር ነው፤ ጠዋት ናፕኪኑ ላይ ክብ እርጥበት ካለ ያፈስሳል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቱቦው ውስጥ ልክ የሚገባ የመስታወት ቱቦ ማስገባት፤ የመዳብ ኦቶሺ ማሠራትም ይቻላል። ውሃው ከቅርጫቱ ውጭ ይቀዳ፣ ሁለት ሦስተኛ ላይ ይቁም፣ ቱቦው ተጠርጎ ይግባ። አበባው ሲነሳ ቱቦውም አብሮ ይውጣ። ወፍራም ግንድ ያለው አበባ ለዚህ ዕቃ አይሆንም፤ ክብደቱ ቱቦውን አጋድሎ ጉንጉኑን ከውስጥ ይጫነዋል።

አቧራው ሦስት ሴንቲ ሜትር በሚሰፋ ለስላሳ የፍየል ፀጉር ብሩሽ፣ ስንጥሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ይጠረጋል። እርጥብ ጨርቅ አይነካውም። ዘይት ቀቡት የሚል ምክር ይሰማል፤ አይቀባ። ዘይቱ በጉንጉኑ መገናኛ ገብቶ አቧራ ይሰበስብና ይሙለጨለጫል፣ ከዓመት በኋላ የሚያስለቅቀው የለም። ቀጥታ ፀሐይ ኡሩሺውን ያደበዝዘዋል፤ ከመስኮት ራቅ ብሎ በወር አንዴ ሩብ ዙር ማዞር ይበቃዋል።

ነቀዝ እስካሁን አልታየም። ማዳኬ የሚቆረጠው በጃፓን ቅጠል ከሚረግፍበት ወቅት እስከ ብርዱ ወራት ነው፤ በዚያ ወቅት ነቀዝ የሚፈልገው ስታርች በግንዱ ውስጥ ይቀንሳል። ሆኖም አዲስ ቅርጫት ሲገባ ከሌሎች ተለይቶ ሁለት ሳምንት በጥቁር ወረቀት ላይ ይቀመጥ። ከሥሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ቢጫ ብናኝ ከወደቀ ነቀዝ አለ። ላከር የሌለው ቅርጫት በሁለት ፕላስቲክ ተጠቅልሎ አየሩ ይወጣና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ሲወጣ 24 ሰዓት ሳይፈታ ይቀመጣል፣ አለበለዚያ ጠል ይይዘዋል። በወፍራሙ ላከር የተቀባ ግን ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት ጠጋኝ ይየው።

ስለ ስም አንድ ነገር። ቤፑ ለሰብሳቢ ጥሩ መነሻ ናት፤ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ1979 በመንግሥት ባህላዊ የእጅ ሥራ ተብሎ ተመዝግቧል፣ በቀርከሃ ሙያ መጀመሪያ ሕያው ብሔራዊ ሀብት የሚለውን የመንግሥት ማዕረግ ያገኘውም (እ.ኤ.አ. በ1967) የቤፑው ሾኖ ሾውንሳይ ነው። የኦሳካ አካባቢን ሥራ መግዛት ግን የትውልድ ቁጥር ማጣራት ይጠይቃል። ታናቤ ቺኩውንሳይ የሚለው የዚያ አካባቢ የቀርከሃ ሠሪዎች ስም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሲሆን እስካሁን አራት ሰዎች ይዘውታል፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1937 ሞተ፣ አራተኛው ስሙን የወረሰው በ2017 ነው። ሳጥኑ ላይ ስሙን አይቶ የመጀመሪያው ነው ብሎ መክፈል የተለመደ ኪሳራ ነው። በቅርጫቱ ታች የተቀረጸው ፊርማ ከሳጥኑ ክዳን ጽሑፍና ማኅተም ጋር ጎን ለጎን ይነጻጸር።

ሱሱዳኬ የሚባለውም ውድ ነው፤ ቃል በቃል የጥቀርሻ ቀርከሃ። ከድሮ የገበሬ ቤት ጣሪያ ሥር፣ ምድጃ ላይ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ጭስ ሲጠጣ የኖረ ነው። የጎጆ ጣሪያ ያየ ሰው ቀለሙን ያውቀዋል። እውነተኛው ገመድ የታሰረበት ቦታ ላይ ፈዘዝ ያለ ምልክት ይኖረዋል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡኒ ከሆነ ቀለም ተነክሮ ይሆናል።

የመጨረሻው ቅሬታ ሳጥኑ ነው። ቶሞባኮ፣ ማለትም ሠሪው ራሱ ጽፎ የፈረመበት ከፓውሎኒያ እንጨት የተሠራ ሳጥን፣ ያለእሱ ቅርጫቱ ግማሽ ዋጋውን ያጣል የሚባልለት ነው። ይህኛው መጣ፣ ጽሑፉም ትክክል ነው፤ ነገር ግን በክዳኑና በእጀታው መካከል ያለው ክፍተት አራት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቅርጫቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲገባ ክዳኑ እጀታውን ይጫነዋል፣ የሚጫነውም ያንኑ የላላውን ማሰሪያ ነው። ሻጩ ሲጠየቅ ጨርቁን ቀጭን አድርጉ አለ። አሁን ጨርቁ ገላውን ብቻ ይሸፍናል፣ እጀታው ባዶውን ነው፣ ክዳኑም በክር ሳይጠብቅ ይቀመጣል። የግራው እጀታ ሥር በአዲስ ራታን እንዲታሰር ወደ ቤፑ የሚላከው ግን በዚህ ሳጥን ሳይሆን በዙሪያው አምስት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ባለው ካርቶን ነው።