ከአባይ ማዶ ያለው ጋራዥና የእኔ ደብል ጋቢና

ሃይሉክሴን ሪማፕ አስደርጌ (የሞተሯ ኮምፒውተር ናፍጣ የሚረጭበትን ፕሮግራም ማስተካከል ነው) ናፍጣ ቀነሰልኝ። ይሄን የሰማ ሹፌር ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። ስንት ቀነሰ? ማን ሠራልህ? ለሁሉም በስልክ መመለስ ስላቃተኝ እዚህ ልጻፈው።

መኪናዋ ደብል ጋቢና ናት። ሞተሯ 2.5 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው፣ ባለ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋው) እና ባለ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው)። ሥራዬ ከባህር ዳር ደብረ ታቦር ነው። ስሄድ ዘይት፣ ሳሙና፣ የፕላስቲክ ዕቃ እጭናለሁ። ስመለስ ድንች። አንዳንዴ ወረታ ላይ ሩዝ እጨምርበታለሁ። ከ8 እስከ 10 ኩንታል ነው ጭነቴ። ደርሶ መልሱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መንገዱን ለማታውቁት፣ እስከ ወረታ ድረስ አብዛኛው ሜዳ ነው፣ እጅ መዳፍ። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ከታጠፋችሁ በኋላ ግን በዓለም በር በኩል ዳገቱ ይጀምራል። ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። መኪናዬ በሳምንት ሦስት ቀን ያንን ከፍታ 10 ኩንታል ይዛ ትወጣለች።

ባለፈው ዓመት መውጣቱ እየከበዳት መጣ። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ከኋላዬ የሚመጣ ባጃጅ መስታወት ቢኖረው ይዘጋ ነበር። ናፍጣውም ጨመረ። ነዳጅ በቴሌብር መክፈል ከጀመርን ወዲህ የቀዳሁት ሁሉ ስልኬ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል። አንድ እሑድ ቁጭ ብዬ የሦስት ወር መልእክት ደመርኩ። ለአንድ ደርሶ መልስ 26 ሊትር ተኩል። በሊትር 7 ተኩል ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ድሮ ከዚያ በጣም የተሻለች ነበረች።

ከዚያ በፊት አንድ ስህተት ሠርቼ ነበር። ሌላ ከተማ ያለ ሱቅ ውስጥ «መሪው ሥር ትሰኩታላችሁ፣ ራሱ ኮምፒውተሩን ያስተካክላል» የሚባል ትንሽ ሳጥን ገዛሁ። አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ ወር ሰክቼው ሄድኩ። አንድ ጠብታ አልቀነሰም። ገንዘቤን ላስመልስ ብዬ ብደውል ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። እንዳትገዙ። ለምን እንደማይሠራ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ጋራዡ ባህር ዳር ላይ የአባይን ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ በስተግራ ነው። ታፔላ የለውም። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለው፣ ከበሩ አጠገብ አሮጌ የትራክተር ጎማ ተጋድሟል። ሰፈሩ ውስጥ «የኮምፒውተሩ ልጅ» ካላችሁ ያሳዩአችኋል። ልጅ ይበሉት እንጂ ሰላሳዎቹ ውስጥ ነው። ፖሊ ቴክኒክ ነው የተማረው። ከእሱ ጋር አንድ ዘይት የጠገበ ቱታ የለበሱ ትልቅ ሰው ይሠራሉ፣ የድሮ የፓምፕና የኖዝል ባለሙያ ናቸው። ሁለቱ አብረው መሆናቸው ነው የጋራዡ ጥንካሬ። አንዱ ላፕቶፑን ያያል፣ ሌላው ሞተሩን ያዳምጣል።

«ሪማፕ ፈልጌ ነው» አልኩት።

«እሽ ጋሼ። ነገ ጭነው ይምጡ» አለኝ። «ባዶ መኪና ምንም አይነግረኝም።»

በነጋታው 9 ኩንታል ጭኜ መጣሁ። ላፕቶፑን ሰክቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ወደ ሃሙሲት አቅጣጫ ነዳን። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይርገጡት ይለኛል፣ እረግጣለሁ። አሁን ይልቀቁት ይለኛል፣ እለቃለሁ። ስንመለስ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረ። ኮምፒውተሩ ከቱርቦው የጠየቀው የአየር ግፊትና በትክክል የደረሰው በሁለት መስመር ተስሏል። ሁለቱ መስመሮች እንደ ጅራፍ ጫፍ ተለያይተዋል። ሦስተኛው ኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው) ደግሞ ከሌሎቹ ሦስቱ የተለየ ቁጥር ያሳያል።

«ጋሼ፣ አሁን ማፕ ብቀይርልዎ ገንዘብዎን መብላት ነው» አለኝ። «አየር የሚያፈስ ሞተር ላይ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ይሄን እንጨርስ።»

ሪማፕ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ቀን ሪማፕ አልሸጥም ሲለኝ ደስ አለኝ ብል አልዋሽም። በዚያች ቀን ነው ያመንኩት።

ቀጥሎ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔም ራሴ ቤቴ ላደርገው የምችለው ነገር ነበር። ትልቁ ሰውዬ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ፈቱ። አፉ ላይ ከአሮጌ የፕላስቲክ ክዳን የተሠራ መክደኛ ገጥመው በክላምፕ አሰሩ። መክደኛው መሃል ላይ የጎማ መንፊያ ጫፍ ተተክሏል። ከኮምፕሬሰሩ በቀስታ አንድ ባር ያህል አየር ለቀቁበት። ከዚያ በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ የበጠበጡትን የኦሞ ውሃ ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር በሚሄደው ቱቦ ላይ ያፈሱበት ጀመር። ከላይ ምንም የለም። ከሥሩ፣ ዓይን በማያየው በኩል፣ ጣታቸውን አስገብተው ሲዳስሱ አረፋው እንደ ጠላ ገንፍሎ ወጣ። ጥፍር የምታክል ስንጥቅ ናት። ሞተሩ ባዶ ሲዞር ተዘግታ ትቀመጣለች። ዳገት ላይ ቱርቦው ሲነፋ ትከፈታለች። ቱርቦው የጨመቀው አየር መንገድ ላይ እያለቀ፣ ናፍጣው ግን ይረጫል። ጥቁሩ ጭስ እሱ ነበር። ጭስ ማለት ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ ገንዘቤ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ኢንጀክተር ተፈቶ መፈተሻ ማሽን ላይ ወጣ። ከልክ በላይ ይረጫል። ያገለገለ ግን የተፈተሸ ኢንጀክተር ገባበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በእነዚህ ሞተሮች ኢንጀክተር ላይ የተጻፈ የፊደልና የቁጥር ኮድ አለ። ኮዱ ያ ኢንጀክተር ከመደበኛው ምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ኢንጀክተር ሲቀየር አዲሱ ኮድ መግባት አለበት። የእኔ ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ጋራዥ ውስጥ ሲቀየር ኮዱ አልገባም ነበር። ኮምፒውተሩ የሌለ ኢንጀክተር እያሰበ ሲረጭ ከርሟል። የአየር ፊልትሮውም ተቀየረ፣ ኢጂአር የሚባለው ጭስ መላሽ ቫልቭም ከጥላሸቱ ጸዳ። እሱ ላይ ልጁ ጎበዝ መልስ አለው። ዝጉልኝ ለሚሉት «አጸዳዋለሁ እንጂ አልዘጋውም» ይላቸዋል።

ከዚያ አባረረኝ። ሁለት ሳምንት ነድተው፣ ለክተው ይምጡ አለኝ። አለካኩን ራሱ አስተማረኝ። አንድ ማደያ፣ አንድ ማሽን፣ ጠቅ ብሎ ሲያቆም ማቆም። የጎማ አየር እኩል። ጭነት ተቀራራቢ። ናፍጣ በጠፋባቸውና መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት የተነዳውን አለመቁጠር። ሙሉ መቅዳት በማይቻልበት ሰሞን ልኬት አይሆንም፣ ስለዚህ ሁለቱ ሳምንት አምስት ሳምንት ሆነ። ውጤቱ 23 ሊትር ከሩብ። ከሦስት ሊትር በላይ ቀነሰ፣ ገና ማፑ ሳይነካ።

ስለዚህ «ሪማፕ በጣም ይቀንሳል» የሚላችሁን ሰው ስትሰሙ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ የለብኝም ወይ ብላችሁ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ።

ማፑ የተጻፈው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ኮምፒውተሩ ከጋቢናው ኪስ ኋላ ተፈቶ ወጣ። የእጅ መዳፍ ሁለት እጥፍ የሚሆን የብረት ሳጥን ነው። ልጁ ካነበበው በኋላ የፋብሪካውን ፋይል በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ። «ከሊብሬው ጋር ያስቀምጡት» አለኝ። «እኔ ብጠፋ ማንኛውም ባለሙያ ይመልስልዎታል።» ሲጽፍበት መብራት ቢጠፋ ኮምፒውተሩ ሊሞት ይችላል። በእኛ ከተማ ይሄ ቀልድ አይደለም። እሱ ሁለት ትልልቅ ባትሪ አያይዞ ነው የሚሠራው። ሲጽፍ ስልኩን እንኳን አያነሳም።

ምን እንደቀየረ ጠየቅኩት። እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሠንጠረዥ አለ። ሞተሩ በዚህ ፍጥነት ሲዞር፣ እግር ይሄን ያህል ሲረግጥ፣ ይሄን ያህል ናፍጣ፣ በዚህ ቅጽበት፣ በዚህ ግፊት ይረጭ ይላል። ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ይሄዳል። የጎማችሁ አየር 2 ወይም 3 ባር ነው፣ አስቡት። ናፍጣ ትንሽ ቀደም ብሎ ሲረጭ ከአንድ ጠብታ የሚወጣው ጉልበት ይጨምራል። ፋብሪካው ይሄን ያውቃል። ግን ማስቀደም የሲሊንደሩን ግፊትና ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለውን ጎጂ ጋዝም ይጨምራል። ፋብሪካው ለዚህ ብሎ ወደ ኋላ ይለዋል። ልጁ እኔ በምነዳበት ዙር፣ ከ1,500 እስከ 2,500 ባለው፣ በጣም ትንሽ አስቀደመው። ዝቅ ባለ ዙር ላይ የሚገኘውን ጉልበትም ጥቂት ጨመረ፣ ማርሽ ሳልቀንስ እንድወጣ። ጋዙ በዚያው ልክ ትንሽ እንደሚጨምር አልደበቀኝም።

ያልነካውም አለ። ለጭስ የተቀመጠውን ገደብ አልነካም። ባህር ዳር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ከሩብ በላይ ያንሳል። አየር በሌለበት ናፍጣ መጨመር ፒስተን ማቅለጥ ነው አለኝ። ከእኔ ቀድሞ የመጣ አንድ ወጣት ብዙ ፈረስ ጉልበት እንዲጨምርለት ሲለምነው ሰምቻለሁ። አይሆንም ብሎ መለሰው። ፍሪሲዮኑም ቱርቦውም አይችሉትም አለው።

ያቺን አረንጓዴ ሳጥኔንም አሳየሁት። በቢላ ከፈታት። ውስጧ መብራቷ፣ መብራቷን የምታበራ ቺፕ፣ ሌላ ምንም። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚያወሩት እግሮች ከምንም ጋር አልተያያዙም። ለአንድ ወር ያየሁት መብራት ለእኔ ብቻ ነበር የሚበራው።

ውጤቱ ይሄው። ከማፑ በኋላ በአሥር ደርሶ መልስ አማካይ 21 ሊትር ተኩል። በሊትር 9.3 ኪሎ ሜትር። ከጥገናው በኋላ ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ሊትር ተኩል ከምናምን ነው የማፑ ድርሻ። ብዙ አይመስልም። ዳገቱን ግን ሌላ መኪና አድርጎታል። ከዓለም በር በላይ ያሉትን ጠመዝማዛዎች በሁለተኛ የምወጣቸው አሁን በሦስተኛ ነው። ጭሱ የለም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ናፍጣው ወደ 22 ከምናምን ተመልሶ ሲያሳስበኝ ደወልኩለት። «እግርዎን ይዩ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጉልበቱ ሲጥመኝ እየረገጥኩ ነበር። ለቀቅ ሳደርግ ወረደ።

ማፑ ብቻውን 15,000 ብር አስከፍሎኛል። ቱቦው፣ ኢንጀክተሩና ፊልትሮው ለብቻ ናቸው፣ ኢንጀክተሩ ነው ውዱ። በዚያን ቀን የናፍጣ ዋጋ ስመታው ማፑ ወጪውን የሚመልሰው በ70 ደርሶ መልስ ገደማ ነው። ለእኔ ስድስት ወር ማለት ነው። በወር ሁለት ጊዜ ዘመድ ጥየቃ ለሚነዳት ሰው ግን አልመክርም፣ ቱቦውንና ኢንጀክተሩን ያስፈትሽ፣ ይበቃዋል።

ቅር ያለኝም አለ። ደረሰኝ ለማግኘት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የጠቅላላውን ዋጋ መጀመሪያ አይናገርም፣ ሲጨርስ ነው የሚነግራችሁ። ተከራክሬዋለሁ፣ ከአሁን በኋላ በወረቀት እጽፋለሁ ብሏል፣ ይጻፍ። መቀመጫም የለም። ጎማ ላይ ተቀምጣችሁ ነው የምትጠብቁት። ስልክ ላይም ብዙ አትጠብቁት።

መሄድ ከፈለጋችሁ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ ተራ አይገኝም። የምትጭኑትን ጭነት ጫኑ። የሦስት ወር የነዳጅ መልእክታችሁን አታጥፉ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ቅዳሜ ትልቁ ሰውዬ ስለማይገቡ ኢንጀክተር አይፈተሽም። እኔ 5,000 ኪሎ ሜትር ስሞላ እንደገና ጭኜ እመለሳለሁ፣ አንደኛው ኢንጀክተር ቁጥሩ ትንሽ ከፍ እያለ ነው ብሎኛል።