ፊቱን አድሶ ጀርባውን የረሳ ፎቶ ቤት

ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ፎቶ ቤት አሮጌ ፎቶግራፎችን ሲያድስ ያየሁት በቤተሰባችን እጅ በቆየ አንድ ፎቶግራፍ ነው። የአያቴ ወንድም ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ ከመዝመቱ በፊት ተነሥቶ ለእናቱ የላከው ሲሆን፣ በጀርባው መታሰቢያነቱ የእሷ መሆኑን በቀለም ጽፎ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የሚል ቀን አስፍሮበታል። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው ሻለቃ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ፑሳን የተጓዘው በዚያው ወር ስለሆነ፣ ጽሑፉ ከቤተሰብ ማስታወሻነት አልፎ ማስረጃም ነው። የእኛ ዘማች በሰላም ተመልሷል፤ በኮሪያ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ስለወደቁ ግን እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ የመጨረሻ ሆኖ የቀረባቸው ቤቶች ነበሩ።

ባለሙያው ጥርስ ጥርስ ሆኖ የተቆረጠውን ጠርዝ ብቻ ይዞ ስካነሩ ላይ ሲያስቀምጠው ማየቴ አስደስቶኛል። ደረቱ ላይ የነበረው የእጥፋት ስንጥቅና በጥቁሩ ክፍል ላይ የወጣው ብርማ ንጣት በኮምፒውተር ሲጠፉ ዋናው ፎቶግራፍ አልተነካም። ላሚኔት እንዲደረግ አለመገፋፋቱም ያስመሰግነዋል፤ ሙቀቱና ሙጫው አንዴ ከያዙ ወረቀቱን ሳይጎዱ መልሶ ማላቀቅ አይቻልምና።

ፊቱን ግን ለሶፍትዌር ትተውት ኖሮ፣ በመጀመሪያው ህትመት ከግራ ቅንድቡ በላይ ያለው ጠባሳ ጠፍቶ፣ የኮፍያው ዓርማም ቅርጽ የሌለው ነጠብጣብ ሆኖ፣ መልከ መልካም ነገር ግን ማንነቱን የማናውቀው ወጣት ቀረበልን። ቅሬታችንን ስናሰማ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በእጅ አስተካክለውታል። ቀለም እንቀባው የሚለውን ሐሳባቸውን አልተቀበልኩም፤ ከጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የደንብ ልብሱን ትክክለኛ ቀለም ማንበብ ስለማይቻል ውጤቱ ግምት ነው።

ዋናው ቅሬታዬ ስለ ጀርባው ነው። ካልጠየቁ አያነሡትም፤ ሲጠየቁም እንደ ሌላ ፎቶግራፍ ያስከፍላሉ። ከዚህም አልፎ ዋናውን በካርቶን ላይ ለጥፈው ፍሬም ውስጥ ሊያስገቡት ነበር፤ ያን ጊዜ ልጁ ለእናቱ የጻፈው ሁሉ ከሙጫው ሥር ይቀር ነበር። አሮጌ መታሰቢያ ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከማስረከቡ በፊት ሁለቱም ገጽ እንዲቀዳለት፣ ያልታደሰው ቅጂም የምስሉን ጥራት ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው በቲፍ (TIFF) ፋይል እንዲሰጠው ቢያስጽፍ ይበጀዋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቅጂው ይሁን፤ ዋናው ከብርሃንና ከእርጥበት ርቆ በወረቀት ፖስታ ይቀመጥ።

የህትመቱ ጥራት ከዋጋው አንጻር የሚያስከፋ ስላልሆነ ለቅጂ ሥራ ተመልሼ እሄዳለሁ። ፍሬሙን ግን መስታወቱ ከወረቀቱ እንዳይነካካ በመሃል ክፈፍ በሚያስገባ ሌላ ሱቅ አሠርቻለሁ።